ፕሮሰሰር ከማፍጠን በፊት
(ለአቃቂ ቃሊቲ ወጣቶች የተዘጋጀ ዲስኩር)

እሑድ ከሰዓት ኳስ ትቶ ስለ ፕሮሰሰር ሊሰማ የመጣ ሰው ሁለት ጊዜ ሊመሰገን ይገባዋል።

ጋባዦቼ የሰጡኝ ርእስ «ኮምፒዩተሬን ኦቨርክሎክ ላድርገው? ካደረግሁስ እንዴት ሳላቃጥለው?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀና ነው። አዲስ ኮምፒዩተር ውድ ነው፤ ያለውን ማፍጠን ከተቻለ ማን ይጠላል? ቪዲዮ የሚያቀናብር አለ፣ የመመረቂያ ሥራውን በአውቶካድ የሚሠራ አለ፣ ኮዲንግ የጀመረ አለ፣ ጌም የሚጫወትም አለ። ጌም ተጫዋቾች አትፈሩ፤ ወላጆቻችሁ አጠገባችሁ ቢሆኑም ስም አልጠራም።

ንግግሬ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሜ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ቤታችሁ ያለው ፕሮሰሰር ነገሩን ይፈቅድ እንደሆነ እናያለን። ከዚያ ስለ ሙቀት እናወራለን፤ እዚያ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፣ እኛ ሰፈር ዋናው ችግር ያለው እዚያ ስለሆነ። ቀጥሎ መብራት፣ ከዚያ አሠራሩ በደረጃ። በመካከሉ ደጋግሜ የምላት አንዲት ነገር አለች፤ እስክትሰለቹኝ እላታለሁ፦ ትርፍ ፍጥነት ከመጠየቃችሁ በፊት የጠፋባችሁን ፍጥነት አስመልሱ።

ኦቨርክሎክ ምን እንደሆነ ባጭሩ። ፕሮሰሰር በምት ይሠራል። አንድ ጊጋ ኸርዝ ማለት በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ምት ነው። ማዘርቦርዱ መነሻ ምት ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋ ኸርዝ ነው። ፕሮሰሰሩ ያንን በራሱ ማባዣ ያበዛዋል። ማባዣው 40 ከሆነ 4,000 ሜጋ ኸርዝ፣ ማለትም 4 ጊጋ ኸርዝ ይሆናል። ማባዣውን ከ40 ወደ 42 ስታነሡት ፕሮሰሰሩ 4.2 ላይ ይሄዳል። ፋብሪካው ከወሰነለት በላይ እንዲሄድ አደረጋችሁት ማለት ነው። ሥራው ይኸው ነው። ቁጥር መቀየሩ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ አቃቂ መለዋወጫ ወይም ሌላ ብረታ ብረት ፋብሪካ ቶርኖ ላይ የሠራችሁ አትጠፉም። እናንተ ይህንን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ቶርኖውን ዙር ስትጨምሩለት ሥራው ይፈጥናል፤ ነገር ግን መቁረጫው ይግላል፣ ቶሎ ይበላል፣ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ካነሰም ሥራውም መሣሪያውም ይበላሻል። ስለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያ ዙሩን የሚጨምረው ጥቂት በጥቂት፣ እያየና እየሰማ ነው። ፕሮሰሰርም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ልዩነቱ ቶርኖ ሲሰቃይ ይጮኻል፤ ፕሮሰሰር ግን ዝም ብሎ ፋይላችሁን ያበላሻል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ፕሮሰሰራችሁ ይፈቅዳል ወይ?

ገበያ ወጥቶ ኮምፒዩተር የገዛ ሰው «ምን ዓይነት ነው?» ስትሉት «ኮር አይ ፋይቭ» ይላችኋል። ስንተኛ ጀነሬሽን? ዝም። ኮር አይ ፋይቭ እኮ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሲሸጥ የኖረ ስም ነው። በ2010 የወጣው አይ5-650 ሁለት ኮር ብቻ ነበረው፤ በ2022 የወጣው አይ5-12400 ስድስት አለው። ሁለቱም «አይ ፋይቭ» ናቸው። ስለዚህ ሙሉ ቁጥሩን እዩ። ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ስለ ፕሮሰሰሩ የሚናገረውን ገጽ ብታዩት ይነግራችኋል፤ «ሲፒዩ-ዚ» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ማዘርቦርዱን ጨምሮ ይዘረዝርላችኋል።

በኢንቴል በኩል ከቁጥሩ መጨረሻ «ኬ» የሚል ፊደል ካለ ማባዣው ክፍት ነው። አይ5-4590 ዝግ ነው፤ አይ5-4690ኬ ክፍት ነው። ፊደሏ ብቻዋን ግን አትበቃም፤ ማዘርቦርዱም «ዜድ» በሚለው ፊደል የሚጀምር ቺፕሴት ያስፈልገዋል። በኤኤምዲ በኩል የራይዘን ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ ክፍት ናቸው። ሆኖም ኤ320 እና ኤ520 የተባሉት ርካሽ ማዘርቦርዶች አይፈቅዱም፤ 5800ኤክስ3ዲም ራሱ የተቆለፈ ነው።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ቤት ያለው ከውጭ ቢሮ ወጥቶ ታድሶ የመጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ነው። ጠንካራ ዕቃ ነው፣ አልንቀውም። ግን ለቢሮ የተሠራ ስለሆነ ተቆልፏል፤ የማዘርቦርዱ ቅንብር ያለበት ባዮስ ውስጥ ብትገቡ ማባዣ የሚባል ነገር አታገኙም። ላፕቶፕም እንዲሁ፤ ከጥቂቶች በቀር ዝግ ነው፣ ክፍት የሆነውንም እንድትነኩት አልመክርም። አንድ ሰው «የተቆለፈውን በሶፍትዌር እከፍትላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ ቢጠይቃችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

ለምን ተቆለፈ? ታሪኩ አስቂኝ ነው። በ1990ዎቹ አንዳንድ ነጋዴዎች ዝቅተኛውን የፔንቲየም ፕሮሰሰር እየገዙ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፍቀው ከፍ ያለ ቁጥር እየጻፉበት በውድ ይሸጡ ነበር። ኢንቴል ማባዣውን የቆለፈበት አንዱ ምክንያት ይህ ማጭበርበር ነው። ቁልፉን ግን ሰው በሌላ በር ዞረው። በ1998 የወጣው ሴለሮን 300ኤ ርካሽ ባለ 300 ሜጋ ኸርዝ ፕሮሰሰር ነበር፤ የመነሻ ምቱን ከ66 ወደ 100 ሲያነሡት በብዙዎች እጅ 450 ላይ ያለ ችግር ሄደ። በግማሽ ፈጠነ ማለት ነው! የኦቨርክሎክ ዝና ከዚያ ዘመን ነው የመጣው።

ዛሬ ያ ዘመን የለም። ምክንያቱም ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ኦቨርክሎክ ማድረግ ጀምረዋል። ኢንቴል ከ2008 ወዲህ ባወጣቸው ብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ተርቦ የሚባለው አሠራር አለ፤ ሙቀትና ኃይል እስከፈቀደ ድረስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከፍ ያደርጋል። ኤኤምዲም እንደዚሁ። የቀረላችሁ ትርፍ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ በአምስትና በአሥር መካከል። እንዲያውም ፋብሪካዎቹም ከልክ ያለፉበት ጊዜ አለ። በ2023 አንዳንድ ማዘርቦርዶች ለራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየሰጡ አቃጥለዋቸዋል፤ ኤኤምዲ ለዚያ ቮልቴጅ የ1.3 ቮልት ጣሪያ አስቀመጠ። በ2024 ደግሞ ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ጀነሬሽን ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየወሰዱ እንደሚጎዱ አምኖ ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናቸውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። በላቦራቶሪ የሚሠሩ መሐንዲሶች እንዲህ ከሆኑ እኛ በቤታችን ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብን እናንተው ገምቱ።

ሁለተኛው ነጥብ ሙቀት ነው። ማስታወሻ የያዛችሁ አሁን ጻፉ።

ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ይጠብቃል። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጉ፣ ራይዘኖቹ እንደ ሞዴላቸው ወደ 90 ወይም 95 ሲደርሱ፣ እንዳይቃጠሉ ራሳቸውን ያዘገያሉ። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ለተጠቃሚው አለመናገራቸው ነው። 3.3 ጊጋ ኸርዝ ብላችሁ የገዛችሁት ኮምፒዩተር ከ2 በታች እየተጎተተ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ግን «አርጅቷል» ትላላችሁ። አላረጀም፤ ግሏል። ትርፍ ከመጠየቃችሁ በፊት የጠፋውን አስመልሱ የምለው ለዚህ ነው።

ቤት ስትገቡ ይህን አድርጉ። «ኤችደብሊው ኢንፎ» የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱ፤ ሙቀቱንና ፍጥነቱን አብሮ ያሳያል። ከዚያ ፕሮሰሰሩን በሙሉ ጫና የሚያሠራውን «ሲኒቤንች» ለአሥር ደቂቃ አስኪዱ። ፍጥነቱ ከላይ ጀምሮ ሙቀቱ 100 አካባቢ ሲደርስ ቁልቁል ከወረደ፣ ምርመራው አለቀ። ኦቨርክሎክ ሳይሆን ጽዳት ነው የሚያስፈልጋችሁ።

አቃቂ ቃሊቲ ስለ አቧራ ንግግር አያስፈልገውም። ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄደውን ገልባጭና ተሳቢ ታውቁታላችሁ፤ የኮንዶሚኒየም ግንባታውን፣ የሲሚንቶውን፣ የፋብሪካውን ብናኝም እንዲሁ። በር ላይ ያለ ጠረጴዛ ጠዋት ተወልውሎ ማታ ጣት ብታሳርፉበት ምልክት ይቀራል። ያ አቧራ ቀን ከሌት አየር በሚስብ ሳጥን ውስጥ ሲገባ አስቡት።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ይህን ከታይፔ ወይም ከለንደን የሚሠሩ ቪዲዮዎች አይነግሯችሁም። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየራችን ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ዙር ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። የሰርቨር አምራቾች ይህን በመመሪያቸው ይጽፉታል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር የሚፈቅዱት የክፍል ሙቀት በዲግሪ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ እዚያ 75 ዲግሪ ያሳየው ማቀዝቀዣ እዚህ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ቢል ተበላሸ አትበሉ። በሌላ በኩል እግዚአብሔር ይመስገን የአየር ጠባያችን ቀዝቃዛ ነው፤ ያ ይክሳል። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካልሆናችሁ በቀር። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሌሊት የተደረገ ሙከራ አያስተማምንም። ክፍሉ በአሥር ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም ያንኑ ያህል ይጨምራልና ሙከራችሁን በበጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አድርጉት።

ጽዳቱ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙት። ሳጥኑን ውጪ አውጡት፤ መኝታ ቤት ውስጥ ብሎወር ካስነሳችሁ ከእናቶቻችሁ ጋር ትጣላላችሁ። ብሎወር ስትጠቀሙ የፋኑን ላባ በጣት ያዙት። ለምን? በብሎወር ኃይል ከልኩ በላይ ሲሽከረከር መሽከርከሪያው ይጎዳል። ፋኑ ሲነሣ ሥሩ፣ ሙቀቱን በሚያስወጣው ብረት፣ በሂትሲንኩ ቅጠሎች መካከል፣ የታጨቀ ግራጫ ነገር ታገኛላችሁ። አንዳንዴ በአንድ ቁራጭ ይላቀቃል። አየር ለወራት ያላለፈው በዚያ ነው።

ቀጥሎ ተርማል ፔስት። በሂትሲንኩና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው ቅባት በዓመታት ይደርቃል፤ ስትነኩት እንደ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ሥራውን ጨርሷል። ሂትሲንኩን ስታነሡ ኤኤም4 በተባለው መቀመጫ ላይ ያለ ራይዘን ያላችሁ በተለይ አስተውሉ፦ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አትሳቡ። ኮምፒዩተሩን መጀመሪያ ትንሽ አሠሩት ይሙቅ፣ ከዚያ አጥፍታችሁ ሂትሲንኩን ግራና ቀኝ በቀስታ እያዞራችሁ አላቅቁት። የደረቀው ፔስት ፕሮሰሰሩን ከመቀመጫው ነቅሎ ሲያወጣ ከታች ያሉት ቀጫጭን እግሮች ይጣመማሉ፤ እነሱን በመርፌ ማቃናት የማንም ምኞት አይደለም። አሮጌውን ፔስት በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ አልኮሉ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፣ ከፋርማሲ የምታገኙት 70 ከመቶ ከሆነ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። አዲሱን መሐል ላይ የአተር ፍሬ በምታህል መጠን አድርጉ። አትቀቡት፣ አትለድፉት፤ ሂትሲንኩ ሲጫን ራሱ ይዘረጋዋል።

ከኢንቴል ጋር የሚመጣው ክብ ማቀዝቀዣ ያላችሁ አራቱን የፕላስቲክ እግሮች ተመልከቱ። እያንዳንዱ «ቀጭ» ብሎ መግባት አለበት። ሦስቱ ገብተው አንዱ ሳይገባ የቀረበት ኮምፒዩተር ከሩቅ ደህና ይመስላል፤ ማዘርቦርዱን ገልብጣችሁ ከጀርባ ስታዩት ግን የአንዱ እግር ጫፍ አልወጣም። እንዲህ ያለ ሂትሲንክ በአንድ በኩል ተንሥቶ ስለሚቀመጥ ምንም ያህል ፔስት ቢደረግ አይረዳም።

ይህን ብቻ ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ ኦቨርክሎክ ሊሰጠው ከሚችለው በላይ ያገኛል። የጠፋውን አስመለሰ ማለት ነው።

ሦስተኛው መብራት ነው። ትንሽ ከጉዳዩ ልውጣ። ከአገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው የተሠራው፤ 6.6 ሜጋ ዋት። ለረጅም ዓመታት ቆሞ ኖሮ በቻይና ድጋፍ ታድሶ ሥራ ጀምሯል። ዛሬ ደግሞ የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል ተብሎ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ተመርቋል። ኃይሉ አለ። ግን ከማከፋፈያው እስከ ቤታችሁ ያለው መስመር ሌላ ታሪክ ነው፤ ፋብሪካ ሲነሣ አምፖሉ ዝቅ ይላል፣ መብራት ይሄዳል፣ ሲመጣም አንዳንዴ በኃይል ይመጣል።

ኦቨርክሎክ የተደረገ ፕሮሰሰር ከሁሉ በፊት የተረጋጋ ኃይል ይፈልጋል። የኮምፒዩተሩን ሳጥን ክፈቱና ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። በትልቁ «500 ዋት» ይላል። እሱን ተዉት። 12 ቮልት በሚለው መስመር ሥር ያለውን አምፔር እዩ። 18 አምፔር ካለ 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚጠቀሙት ያንን ነው። ኦቨርክሎክ የተደረገ ፕሮሰሰር 150 ዋት ቢጠጣና ጂቲኤክስ 1060 ካርድ 120 ቢጨምር 270 ሆነ። አይበቃም። እንዲህ ያለ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ብቻውን አይሞት ይሆናል፤ ማዘርቦርድ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ዩፒኤስ የምትገዙም ቁጥሩን ለዩ። 650 የሚለው ቪኤ ነው፤ በዋት ብዙ ጊዜ ከ400 በታች ነው። ከፍ ዝቅ የሚለውን መብራት ጥሩ ስታቢላይዘር ይረዳል። በአንድ ዲቫይደር ላይ ምጣድ፣ ካውያና ኮምፒዩተር አንድ ላይ አትሰኩ። ሳጥኑን በባዶ እግር ስትነኩት የሚነዝራችሁ ከሆነ ቤታችሁ ኧርዝ የለውም ማለት ይሆናል፤ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ እንጂ በጫማ አትለምዱት። መብራት ሲሄድ ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ። የባዮስ አፕዴት ያለ ዩፒኤስ በጭራሽ አታድርጉ። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ዳግም ላይነሣ ይችላል።

አራተኛው አሠራሩ ነው። እዚህ ድረስ የመጣችሁት ፕሮሰሰራችሁ የተከፈተ፣ ኮምፒዩተራችሁ የጸዳ፣ ፓወራችሁ የሚታመን ናችሁ። ምሳሌ ልውሰድ፦ አይ5-8600ኬ። ስድስት ኮር አለው፤ ሁሉም አብረው ሲሠሩ 4.1 ጊጋ ኸርዝ ላይ ይሄዳል።

መጀመሪያ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ቅዱ። መመረቂያ ጽሑፍ፣ ፎቶ፣ ሁሉንም። ያልተረጋጋ ኮምፒዩተር ዊንዶውስን ሊያበላሽ ይችላል። ከዚያ ደብተር አውጡ። አዎ፣ የወረቀት ደብተር፤ ኮምፒዩተሩ ሲወድቅ ስክሪኑ ላይ የጻፋችሁት አይገኝምና። ማባዣ፣ ቮልቴጅ፣ ከፍተኛ ሙቀት፣ ውጤት የሚሉ አራት ዓምዶች ይበቃሉ። ምንም ሳትነኩ የመነሻውን ቁጥር ጻፉ።

ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ማባዣውን ከ41 ወደ 42 አድርጉ። አንድ ብቻ። ሴቭ አድርጉ፣ አስነሡ፣ ሲኒቤንችን አሥር ደቂቃ አስኪዱ፣ ሙቀቱን ጻፉ። አለፈ? 43። አለፈ? 44። አንድ ቦታ ላይ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል ወይም ኮምፒዩተሩ ይደርቃል። አትደንግጡ፤ ምንም አልተቃጠለም። ፕሮሰሰሩ ለዚያ ፍጥነት ቮልቴጁ አልበቃኝም ማለቱ ነው። ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ ወደ ኋላ መመለስ ወይም ቮልቴጁን በ0.01 ወይም በ0.02 ቮልት ከፍ ማድረግ። ለጀማሪ የምመክረው መመለስን ነው።

ለምን ቮልቴጅ ላይ እንዲህ እፈራለሁ? ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የሙቀቱ መጠን ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው። ፍጥነቱን በመቶ 10፣ ቮልቴጁንም በመቶ 10 ብትጨምሩ 1.1 ሲባዛ በ1.1 ሲባዛ በ1.1፣ 1.33 ይመጣል። አሥር ከመቶ ፍጥነት አግኝታችሁ ሠላሳ ሦስት ከመቶ ሙቀት ከፈላችሁ! የፕሮሰሰርን ዕድሜ የሚያሳጥረው ፍጥነቱ ሳይሆን ቮልቴጁና ሙቀቱ ነው። እኔ ለዚህ ዓይነቱ ፕሮሰሰር 1.35 ቮልትንና 85 ዲግሪን አጥር አደርጋለሁ። አጥሩ ላይ ከደረሳችሁ ቁሙ፤ ጓደኛችሁ 5 ጊጋ ኸርዝ ደረሰ ቢባልም ቁሙ። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ስም የወጡ ሁለት ፕሮሰሰሮች ጣሪያቸው አንድ አይደለም። የእሱ ቁጥር የእናንተ አይሆንም። ስለ 9 ጊጋ ኸርዝ የሰማችሁም ትኖራላችሁ፤ እውነት ነው፣ በ2022 አይ9-13900ኬ አልፎታል። ግን በፈሳሽ ሂሊየም፣ ለአጭር ጊዜ። ያ ስፖርት ነው።

ማዘርቦርዱ ላይ «አውቶ ኦቨርክሎክ» የሚል ቁልፍ ልታገኙ ትችላላችሁ። ተዉት። ብዙ ጊዜ እንዳይወድቅ ብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ቮልቴጅ ያፈስሳል። ቮልቴጁን ራሳችሁ በቁጥር አስገቡት እንጂ «አውቶ» ላይ አትተዉት።

የደረሳችሁበት የመጨረሻ ቁጥር አለ እንበል፤ 45። ከዚያ አንድ ደረጃ ውረዱና 44 ላይ «ኦሲሲቲ» ወይም «ፕራይም95» የሚባለውን መፈተኛ ለብዙ ሰዓት አስኪዱ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት የዕለት ሥራችሁን ሥሩበት። ቪዲዮ ሲቀናበር የሚቆም ከሆነ፣ ዚፕ ፋይል ሲከፈት ስሕተት የሚል ከሆነ፣ አሁንም ውረዱ። የራም ፍጥነትም የቀየራችሁ ከሆነ ሌሊቱን የራም መፈተኛው «ሜምቴስት86» ይደርበት። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ፕሮሰሰርና ራም አብረው ከተነኩ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ስክሪኑ ጭራሽ አልመጣም ካለስ? ነቅላችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ሲአር2032 ባትሪ አውጧት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሷት። ባዮሱ ፋብሪካ ወደሰጠው ቅንብር ይመለሳል። ይህን ከመጀመራችሁ በፊት ባትሪዋ የት እንዳለች እወቁ፤ ግራፊክስ ካርዱ ሥር የተደበቀችበት ማዘርቦርድ ብዙ ነው።

ራይዘን ያላችሁ ሌላ መንገድ አላችሁ፣ እኔ የበለጠ የምወደው። ከ5000 ተከታታይ ጀምሮ «ከርቭ ኦፕቲማይዘር» የሚባል ቅንብር አለ፤ ቮልቴጁን በመቀነስ ፕሮሰሰሩ ቀዝቅዞ ራሱ ከፍ እንዲል ያደርጋል። ከ10 በታች ባለ ትንሽ ቁጥር በኔጋቲቭ ጀምሩ፣ ፈትኑ። የሚወጣው ሙቀት ያንሳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ፋኑም ዝም ይላል። ለእኛ ስስ አየርና ለእኛ መብራት የተሠራ ነው የሚመስለው።

አንድ ጥያቄ ከወላጆች በኩል በወረቀት ደርሶኛል፦ «ይህ ሁሉ ድካም ምን ያተርፋል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጅ የቪዲዮ ሥራ በ10 ከመቶ ቢፈጥን 54 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። አምስት ደቂቃ ተኩል ተረፈ። ጌም ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየው ግራፊክስ ካርዱ ስለሆነ ምንም ላይለወጥ ይችላል። ኮምፒዩተሩ አሁንም በሃርድ ዲስክ የሚነሣ ከሆነ ኤስኤስዲ ግዙለት፤ ያኔ ልዩነቱን እናቶችም ያዩታል። ባለ 8 ጊጋ አንድ ራም ብቻ ካለው አቻውን ጨምሩለት፤ ሁለቱ በጥንድ ሲሠሩ በተለይ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ኮምፒዩተር ትልቅ ለውጥ ነው። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለውድ ማቀዝቀዣ አታውሉት፤ ለኤስኤስዲ አውሉት። ኦቨርክሎክ የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው፤ ያኔም ዋናው ትርፉ ማሽኑን ማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ማባዣና ቮልቴጅ ምን እንደሆኑ በእጁ ያየ ልጅ ቂሊንጦ ያለው አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የኮምፒዩተር አርክቴክቸር ትምህርት አይከብደውም።

ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ። ኮምፒዩተር ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ተሰለፉ፤ ብሎወሩ ውጪ ነው፣ አልኮልና ፔስት እዚህ አለ። ማንም ባዮስ ውስጥ አይገባም ዛሬ። መጀመሪያ ሙቀታችሁን እንለካለን፣ ከዚያ እንከፍታለን፣ ካጸዳን በኋላ እንደገና እንለካለን። ሁለቱንም ቁጥር ሰሌዳው ላይ እንጽፈዋለን። ገመዳችሁን ከሶኬት ነቅላችኋል?